ለማኅበር መግቢያ ስለሚወጣ ሕግ

አንድ አገር ከሌሎች አገሮች ጋር ማኅበር ለመግባት ስትል ሕጓን ብታሻሽል፥ ያ ሕግ የማን ነው? የእርስዋ ነው ወይስ የማኅበሩ? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚከራከሩበት ይመስላል። እኔ ግን እንደማስበው የእያንዳንዱን ሰው ጠባይ የሚመረምር የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ሰው ለራሱ ብሎ ያልተወውን ክፉ ልማድ ጐረቤት ስለ ታዘበው ብቻ ቢተው፥ መተዉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጐረቤቱ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?

በዘመናችን ይህ ጥያቄ ወደ ደጃችን ቀርቧል። ኢትዮጵያ መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. የአፍሪካን አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ውል በኪጋሊ ፈረመች፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2011 ዓ.ም. አጸደቀው። የዓለም የንግድ ድርጅትን ለመግባት ማመልከቻ ያስገባችው ደግሞ ቀደም ብላ በጥር 1995 ዓ.ም. ነው፤ ድርድሩም ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ውል ከፊርማው በኋላ ብዙ የሕግ ሥራ ይከተለዋል፤ የቀረጡ፥ የንግዱ፥ የባንኩ፥ የዳኝነቱ ሕግ ሁሉ ይነካል። ስለዚህ የንግድ ሰዎች ማኅበራት፥ የሙያ ማኅበራት፥ ዛሬ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚባሉትም ልዩ ልዩ ማኅበራት የሕዝብ እንደራሴዎችን «ሕጉን ቶሎ አሻሽሉልን፥ በሩ ሳይዘጋ እንግባ» ብለው ቢወተውቱ አይደንቅም። እኔ ልመረምር የምፈልገው ውትወታው ተገቢ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ በምን ቃልና በማን ስም ሊነገር እንደሚገባው ጭምር ነው።

በወሎ እድርን ቅሬ እንለዋለን። ከጦሳ ግርጌ እስከ ቦርከና ዳር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በቅሬ ተሰብስቦ ሬሳ ይሸኛል፥ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። አዲስ ጐረቤት ወደ ሰፈሩ በመጣ ጊዜ ቅሬ ልግባ ብሎ ይጠይቃል፤ ሽማግሎቹም ደንቡን ይነግሩታል፤ መዋጮ በወቅቱ ይከፈላል፥ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፥ በስብሰባ ላይ የሚሳደብ ይወቀሳል። ሰውየው እሺ ይላል። ነገር ግን እሺ ከሚሉት ሰዎች መካከል ሁለት ዐይነት አሉ። አንደኛው ደንቡን የሚጠብቀው በእርሱ ቤት ሐዘን ሲደርስ ሰው እንዳይቀርበት ነው። ሁለተኛው ደንቡን የሚጠብቀው ሬሳ ያለ ቀባሪ መቅረት የለበትም ብሎ ስለሚያምን ነው። ሁለቱም መዋጮውን እኩል ይከፍላሉ፤ በመዝገቡም ላይ ልዩነት አይታይባቸውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቅሬው የፈረሰ ቀን ነው። ያን ቀን አንደኛው እቤቱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ግን አካፋውን ይዞ ይወጣል።

አገራችን ይህን ፈተና አንድ ጊዜ ተፈትናበታለች። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ዕለት ነበር። ያን ጊዜ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፥ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። ጥያቄው በጄኔቭ በታየ ጊዜ እንግሊዝና ሌሎች አንዳንድ መንግሥታት አጥብቀው ከተከራከሩባቸው ነገሮች ዋናው ባርነት ነበር። ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበትና የሚገዛበት አገር ከሌሎች ጋር እኩል ሊቀመጥ አይገባውም አሉ። ከተናጋሪዎቹ መካከል አፍሪካን ቅኝ ተካፍለው የያዙ እንደ ነበሩ አንባቢ ይታዘባል፤ እኔም እታዘባለሁ። ቢሆንም «ነቀፌታው ከማን አፍ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። እውነት ነበር። ሰዎች ከእናታቸው ጉያ እየተነጠቁ ይሸጡ ነበር፤ ይህንም ለማወቅ የጄኔቭ ምስክርነት አያስፈልገንም ነበር።

ኢትዮጵያም ስለ ባርነትና ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ ግዴታ ገብታ ማኅበርተኛ ሆነች። ከስድስት ወር በኋላ፥ በመጋቢት 1916 ዓ.ም.፥ ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ታወጀ። እኔን የሚያሳስበኝ «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ነው። በዚያ ጊዜ የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የተሰጠው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ብዙ ጸሓፊዎች ስለ ሥልጣኔ የተከራከሩበት «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም.፥ ከዐዋጁ በኋላ ነው። እንግዲህ ሕጉን ከውጭ ጄኔቭ ጠየቀ፤ ከውስጥ ቤተ መንግሥት ሰጠ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ሕዝብ ግን አልጠየቀም፥ አልተጠየቀምም። ከሁሉ ይልቅ ባሪያው ራሱ አልተጠየቀም። በየአውራጃው ባሪያ የነበረው ጌታ ዐዋጁን በሰማ ጊዜ «ይህ የፈረንጆች ነገር ነው» ብሎ እንደ ተቀበለው መገመት አያስቸግርም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለምን? የሰው ሕግ የመሰለም ሕግ እንዲሁ ነው፤ በክብረ በዓል ቀን ይለበሳል፥ በሥራ ቀን ይሰቀላል።

ከዚህ የተነሣ የሆነውን እንመልከት። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢጣሊያ ወረራዋን እያዘጋጀች ሳለ ለማኅበሩ የክስ ጽሑፍ አቀረበች። በውስጡም በኢትዮጵያ ባርነት ገና አለ፥ ስለዚህ የማኅበርተኛነት መብት አይገባትም የሚል ክርክር ነበረበት። ይህ የወራሪ ማሳበቢያ እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ፋሺስቶች ስለ ባሪያው አላዘኑለትም። ነገር ግን ማሳበቢያውን ያገኙት ከየት ነው? በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካልተፈጸመው ከእኛው ዐዋጅ ነው። ለበሩ ሲባል የወጣው ሕግ ከልብ ስላልተሠራበት በሩን ለመዝጋት ምስክር ሆኖ ቀረበ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በዚያው አድርገው ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ከደሴም ወደ ጄኔቭ የተቃውሞ ቴሌግራም ሄደ። ማኅበሩ አስቀድሞ በኢጣሊያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ሆኖም ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አላገባም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው አቤት አሉ፤ በዚያው ክረምት ማዕቀቡ ተነሣ። በቅሬው ተራ ሰው ሬሳ የሸኘ ጐረቤት፥ በእርሱ ቤት ለቅሶ ሲደርስ ማንም አልመጣለትም።

ይህን ታሪክ ያነበበ ወጣት «እንግዲያውስ ያ ሁሉ ግዴታ ከንቱ ነበር፤ ማኅበርም ሆነ ለማኅበር የሚወጣ ሕግ ማታለያ ነው» ሊል ይችላል። ይህን አነጋገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ትክክል አይመስለኝም። ነጻ የወጣ ሰው ጄኔቭ ቃሏን ብትጠብቅም ባትጠብቅም ነጻ ነው። የተበደልነው በማኅበሩ ነው እንጂ ባርነትን በሚከለክለው ሕግ አይደለም። ሕጉማ ለእኛ የሚጠቅም የእኛ ጕዳይ ነበር፤ ያጠፋነው እንደ ሰው ጕዳይ አድርገን ማዘግየታችን ነው። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር በስም እንጂ በሥራ አልነበረም። (ከእንግሊዞች በኩል ግፊት አልነበረም አልልም፤ ነበር።) ከ1916 እስከ 1934 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዐዋጅ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ባሪያ በሁለተኛው ዐዋጅ ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። «ቀስ በቀስ» የሚለውን ቃል እኛ በወረቀት ላይ እናነበዋለን፤ እርሱ ግን በዕድሜው ከፈለው።

አሁን በእኔ አሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ትልቁን ተቃውሞ ልናገር። «የጄኔቭ በር ባይኖር የ1916ቱ ዐዋጅ ጭራሹን ላይወጣ ይችል ነበር። እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት ይጠረጋል፤ ለእንግዳ ተብሎ የተጠረገ ቤትም ያው የተጠረገ ቤት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን አሳብ አከብረዋለሁ፤ እውነትም አለበት። ከውጭ የሚመጣ ግፊት በውስጥ ያለውን ደካማ የፍትሕ ድምፅ ሊያበረታው ይችላል። ነገር ግን እንግዳው በሄደ ማግስት ቤቱን የሚጠርገው ማን ነው? በቤቱ የሚኖር፥ ጥራጊው እግሩን የሚወጋው ሰው ነው። ስለዚህ የውጭው በር የሚጠቅመው በውስጥ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ለዚህ በቅርብ ጊዜ የታየ ምሳሌ አለ። ዩክሬን የአውሮፓን ኅብረት ለመግባት የምትጠባበቅ፥ በጦርነትም ውስጥ ያለች አገር ሆና ሳለ፥ ምክር ቤቷ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሙስናን የሚመረምሩትን መሥሪያ ቤቶች ነጻነት የሚቀንስ ሕግ አወጣ። በዚያው ቀን ማታ ወጣቶች በካርቶን ላይ እየጻፉ አደባባይ ወጡ፤ ማኅበራትም እንደራሴዎቹን ሞገቱ። ኅብረቱም ከውጭ ተቃውሞውን ገለጠ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ምክር ቤቱ ያን ሕግ አፍርሶ የመሥሪያ ቤቶቹን ነጻነት መለሰ። የአውሮፓ በር ባይኖር ይህ በዘጠኝ ቀን ይሆን ነበር አልልም። ወጣቶቹ ባይኖሩ ግን በዘጠኝ ዓመትም የሚሆን አይመስለኝም። ወንድሞቻቸው በግንባር ላይ ሲሞቱ በኋላ ያለው ሹም እንዳይሰርቅ መፈለጋቸው፥ ኅብረት ቢገቡም ባይገቡም የራሳቸው ጕዳይ ነበር።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ቋንቋ የሕዝብ ወኪል «እንደራሴ» ይባል ነበር። ይህ ስም አሁን ከመነገር እየቀረ መሄዱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ትርጕሙን በውስጡ ይዟል፤ እንደራሴ ማለት እንደ ራሴ ሆኖ የሚናገርልኝ ማለት ነው። እንደ ራሴ ሊናገርልኝ የሚችለው ግን እኔ የምለውን ሲሰማ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢጮኽ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ አይሰማም፤ ማኅበር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሕጋችን ይህን ሥራ ሁልጊዜ በደግ ዐይን አላየውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 621 ከገቢው ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጕዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1113 ይህን ሽሮ፥ ማኅበራት ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል አሳብ ለማቅረብ እንዲችሉ ፈቀደ። ሕግ መልካም መሆኑ ብቻ ዋስትና አለመሆኑ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ታየ፤ በዚያ ዓመት አንዳንድ የመብት ድርጅቶች ታግደው ከወራት በኋላ ተለቀዋል።

የ2001ዱን ሕግ አልደግፈውም፤ ብዙ ጠቃሚ አፍ ዘግቷል። ነገር ግን ሕጉ ያነሣው ጥያቄ በሕጉ መሻር አብሮ አልተሻረም። በሌላ ሰው ገንዘብ የሚናገር ማኅበር የማን አፍ ነው? ቅሬው ይህ ጥያቄ አይነሣበትም፤ ድንኳኑን የገዛው በአባላቱ ሳንቲም ነውና። እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ገንዘቡን መከልከል አይደለም፤ ድሀ አገር ሁሉን በራሱ ሳንቲም ሊያደርግ አይችልም። ይልቅስ ማኅበሩ እንደራሴውን ሊወተውት ከመሄዱ በፊት ሊወክላቸው ወደሚፈልጋቸው ሰዎች ሄዶ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ላይ በሆቴል አዳራሽ ስብሰባ አድርጎ «ሕዝቡ ይህን ይፈልጋል» ከሚል ማኅበር ይልቅ፥ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ሰው ሰብስቦ «ትፈልጉታላችሁን?» የሚል ማኅበር ይበልጣል፤ የሚያገኘው መልስ «አንፈልግም» የሚል ቢሆንም እንኳ።

ውሉን ሕዝብ ሳያውቀው የሚፈረም ወረቀት ምን እንደሚያመጣ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ውጫሌ አለች። በዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፥ በኢጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር፤ የሁለቱም ልዩነት አድዋ ድረስ አደረሰን። የዛሬው ውል ማታለያ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአፍሪካ አገሮች በእኩልነት ተቀምጠው የተዋዋሉት ነው። ግን በማይገባን ቋንቋ የተጻፈ ውል፥ እውነተኛም ቢሆን፥ ለማያነበው ሰው እንደ ተሸፈነ ይቆጠራል። ስለዚህ የማኅበራት የመጀመሪያ ሥራ ውትወታ ሳይሆን ትርጕም ይመስለኛል።

ኮምቦልቻን እንመልከት። ከደሴ ቁልቁል ሲወርዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። የአሰብ መንገድ ከተማ ነበረች፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያ የንግድ መንገድ ተዘጋ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፥ ደረቅ ወደብ አላት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ዕቃ ማስገባት የፈቀደችበት አጎዋ የሚባለው ሕግ እንዲህ ላሉት ፓርኮች ትልቅ ተስፋ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዚህ ዕድል ወጣች። ምክንያቱ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። በዚያው ወር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘውና ተዘርፈው ገና መለቀቃቸው ነበር። ልብስ የምትሰፋው ልጅ ጦርነቱን አላወጀችም፤ ቤተሰቧ ግን በጦርነቱም ተጐዳ፥ በቅጣቱም ተጐዳ። አጎዋ ስጦታ ነበር፤ ስጦታን የሰጠ ይወስደዋል፥ ተቀባዩም የሚከራከርበት ወንበር የለውም። አህጉራዊው ውል ግን ስጦታ አይደለም፤ እኛም ወንበር አለን። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ስለ ማን እንደሚናገር ካላወቀ ግን ወንበሩ ባዶ ነው።

የውሉም አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አገር ከዕቃ ዐይነቶች ከመቶ 90 እጅ በሚሆኑት ላይ ቀረጡን በዓመታት እየቀነሰ ያነሣል፤ ከመቶ 7 እጅ የሚሆኑትን ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው ብሎ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ከመቶ 3 እጁን ጨርሶ ከውሉ ውጭ ያደርጋል። ኢትዮጵያ በዚህ ውል ሥር ዕቃዋን መላክ የጀመረችው በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ እነዚህን ቍጥሮች የነጋዴ ሒሳብ ናቸው ብላችሁ አትለፉአቸው። አንድን ዕቃ ከ90ው ወይም ከ3ቱ መክተት፥ የአንዱን እንጀራ ለውድድር አውጥቶ የሌላውን መከለል ነው። መከለሉ ለደካማው ታዝኖ ሊሆን ይችላል፤ ለባለ ጠጋው ፋብሪካ ታዝኖም ሊሆን ይችላል። ርካሽ ጨርቅ ሲገባ ሸማኔው ይጐዳል፤ ያንኑ ጨርቅ ገዝቶ ለልጁ የሚያለብሰው የገጠር ሰው ይጠቀማል። ከሁለቱ የማን ይብለጥ? ይህን ከኪጋሊም ከጄኔቭም ማንም ሊመልስልን አይችልም።

እንግዲህ እንደራሴውን የሚወተውት ማኅበር «ሌሎች ገብተዋልና እንግባ» ባይል ደስ ይለኛል። «በሩ ነገ ቢዘጋ ይህን ሕግ እንፈልገዋለንን?» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ዳኛ ጉቦ እንዳይበላ፥ የጉምሩክ ሹም ዕቃ እንዳያጕላላ፥ ሠራተኛ ያለ ምክንያት እንዳይባረር የሚያደርገውን ሕግ ማኅበር ኖረም አልኖረም እንፈልገዋለን፤ እንግዲያው ዛሬውኑ፥ «ቀስ በቀስ» ሳይባል ይውጣ። ለበሩ ሲባል ብቻ የሚፈለገውን ደግሞ የበሩ ዋጋ ነው ብሎ በግልጥ ይንገረን፤ እኛም ዋጋውን አይተን እንክፈል ወይም እንተው። እንደራሴውም ሲጠየቅ «ውሉ ያስገድደናል» በሚል ቃል አይሸሸግ፤ ለአገሩ ሕግ የሚያወጣ ሰው ያዘዘኝ ሌላ ነው ማለት አይገባውም።

የዕቃዎቹ ዝርዝርም በአማርኛ ተተርጕሞ በኮምቦልቻ ገበያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልብስ ሰፊው ቆሞ ክሩንና ጨርቁን ከየትኛው ዐምድ እንደ ተጻፉ በጣቱ እየተከተለ ይፈልግ፤ ማንበብ የማይችለውም ልጁን ጠርቶ ያስነብብ።